ስለ መሄድና ስለ መቅረት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በትምህርት ክፍላችን ለብዙ ሳምንታት ስንወያይበት የቆየነው ጉዳይ በሁላችንም ቤት የገባ ስለሆነ በጽሑፍ እንዲወጣ ተስማምተናል። ጉዳዩ ስደት ነው። ስደት ስንል ግን ስለ ሃይማኖት መሳደድን ወይም ከጦርነት መሸሽን ማለታችን አይደለም፤ ስለዚያ ሌላ ጊዜ እንጽፋለን። እዚህ ላይ የምንመለከተው ሰው ኑሮ ሲከብደው እንጀራ ፍለጋ ሀገሩን ትቶ የሚሄድበትን፣ ወይም ኑሮ ከብዶትም ሳይሄድ የሚቀርበትን ምክንያት ነው። ከመዘምራኑ መስመር የጎደሉትን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ለመጉደል በልባቸው የተነሡትንም ቢሆን ጥቂቶቻችን እናውቃለን።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት ንግግር እንሰማለን። አንደኛው በዕድሜ ከገፉት ዘንድ የሚሰማው ነው፤ ይኸውም ወጣቱ የሚሄደው እምነት ስለ ጎደለውና ገንዘብ ስለ ወደደ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው በእኛ በወጣቶቹ ዘንድ የሚሰማው ሲሆን የቀረ ሰው ሰነፍ ነው፣ ወይም ፈሪ ነው ይላል። ሁለቱም ንግግሮች የሰውዬውን ጠባይ ይመረምራሉ እንጂ ጎተራውን አይመረምሩም። እኛ ግን ከጎተራው መጀመር የሚሻል ይመስለናል፤ መጽሐፍ ቅዱስም ራሱ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

እስቲ እንመልከት። አብርሃም ገና አብራም ይባል በነበረበት ጊዜ በከነዓን ረሀብ ስለ ጸና ወደ ግብፅ ወረደ (ዘፍ. 12)። በልጁ በይስሐቅ ዘመን ሌላ ረሀብ መጣ፤ ይስሐቅ ግን ወደ ግብፅ እንዳይወርድ ከእግዚአብሔር ተነግሮት በጌራራ ተቀመጠ (ዘፍ. 26)። በያዕቆብ ዘመን ደግሞ ረሀብ ሲጸና፣ ያዕቆብ ወደ ግብፅ መውረድን እንዳይፈራ በሌሊት ራእይ ተነገረው (ዘፍ. 46)። አያት ሄደ፤ አባት ቀረ፤ ልጅ ደግሞ ሄደ። ሦስቱም ከአንድ ቤት ናቸው፤ ሦስቱም በአንድ አምላክ የሚያምኑ ናቸው። እንግዲህ መሄድ ኃጢአት ነው የሚል ሰው ለያዕቆብ መልስ መስጠት አለበት፤ መቅረት ሞኝነት ነው የሚልም ለይስሐቅ።

ከሦስቱ ይልቅ ሰፋ ተደርጎ የተጻፈው የያዕቆብ ነው። አካሄዱን ደረጃ በደረጃ ስናየው አንድ አስተዋይ የቤት ጌታ ምን እንዳደረገ እንረዳለን። በመጀመሪያ በግብፅ እህል መኖሩን ሰማ። ቀጥሎ ዐሥሩን ልጆቹን ብርና ስልቻ አስይዞ እህል ሸምተው እንዲመለሱ ላካቸው፤ ብንያምን ግን ከእርሱ ጋር አስቀረው። ቤቱን ነቅሎ አልሄደም፤ የነበረውንም ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ አልጣለም። እህሉ ባለቀ ጊዜ ሁለተኛ ላካቸው፤ ብንያምንም የለቀቀው ሌላ መላ ስለ ጠፋ ብቻ ነው። ጠቅላላ ቤተሰቡ ለመነሣት የቆረጠው ዮሴፍ በሕይወት እንዳለ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ዮሴፍም ለወንድሞቹ የነገራቸው ነገር ግልጽ ነበር፤ ረሀቡ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ገና አምስት ዓመት ይቀረዋል አላቸው። ሠረገላ ተላከ፤ የሚቀመጡበት የጌሤም ምድር ተሰጠ፤ ሥራቸውም የለመዱት የከብት ጥበቃ ሆነ። የመቶ ሠላሳ ዓመቱ ሽማግሌ የተሰደደው እንግዲህ በእውነተኛ ወሬ፣ ሌላ በከፈለው ጉዞ፣ በታወቀ ማደሪያና በታወቀ ሥራ ነበር። ከእኛ ወንድሞች መካከል እነዚህን አራቱን ይዞ የተነሣ ስንት ነው?

በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 47 ላይ ብዙ ጊዜ ሳናስተውል የምናልፈው ክፍል አለ። የግብፅ ሰዎች በረሀቡ ምክንያት በመጀመሪያ ብራቸውን ጨረሱ። ብሩ ሲያልቅ ከብታቸውን ሰጥተው እህል ወሰዱ። ከብቱ ሲያልቅ መሬታቸውንና ራሳቸውን ለፈርዖን ሸጡ፤ ከዚያም በኋላ ከምርታቸው አምስተኛውን እየገበሩ ኖሩ። ብር፣ ከብት፣ መሬት፣ ሰውነት፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። በ1965 እና 66 ዓ.ም. በወሎ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በወሎ፣ በትግራይና በሌሎች ክፍላተ ሀገር የሆነውን ከአባቶቻችን የሰማን እናውቀዋለን። ገበሬው ፍየሉንና በጉን ይሸጣል፣ ቀጥሎ ላሙን፣ በመጨረሻ የሚያርስበትን በሬ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ስለሚያወጣ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ በሬ ሸጦ የሚገኘው እህል በደኅናው ዘመን ከሚገኘው ጋር አይወዳደርም። በሬ የሸጠ ገበሬ ደግሞ ዝናብ ቢመጣ እንኳ በምን ያርሳል? ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ረሀብ መርምሮ፣ ሕዝቡ ያለቀው በሀገሪቱ እህል ስላልነበረ ሳይሆን የወሎ ሰው እህሉን የሚገዛበት አቅም ስለ ጠፋው መሆኑን አስረድቷል። ያዕቆብም ልጆቹን የላከው በከነዓን ብር ሳይኖር ቀርቶ አልነበረም፤ ብር ነበረው፣ እህል ግን አልነበረም። በወሎ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ብዙዎቻችን የምንሳሳትበትን አንድ ነገር እናንሣ። የሚሰደደው ከሁሉ የደኸየው ሰው ይመስለናል። እንዲህ አይደለም። ከሁሉ የደኸየ ሰው ቢሄድ ቅርብ ወዳለው ከተማ ነው፤ እዚያም ተሸክሞ፣ ለምኖ፣ ወይም በቀን ሥራ ያድራል። ባሕር ለመሻገር ገንዘብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ወደ ዓረብ ሀገር ወይም ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው የሚሸጥ በሬ ያለው፣ የሚያከራየው መሬት ያለው፣ የሚያበድረው ዘመድ ያለው፣ እቁብ የሚጥል ወንድም ያለው ነው። በመጽሐፈ ሩትም የምናገኘው ይህንኑ ነው። ኑኃሚን ከሞዓብ ስትመለስ ራስዋ እንደ መሰከረችው ከቤተ ልሔም የወጣችው ሞልቶላት ሳለ ነው፤ ባዶዋን የሆነችው በተመለሰች ጊዜ ነው። ቦዔዝ ባለ መሬት ስለ ነበረ በሀገሩ ቀረ። ከቦዔዝ እርሻ ቃርሚያ የሚለቅሙት ድኾችም ከዚያው ነበሩ። መካከለኛው አቤሜሌክ ሄደ። መጽሐፉ ይህን በግልጽ ባይለውም እኛ እንዲህ አንብበነዋል።

ስለሆነም አንድ ቤተሰብ ትንሽ ሲያልፍለት የልጁ ልብ ወዲያው በሀገሩ ይረጋል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ትንሽ ያለፈለት ቤት የመጀመሪያ ሐሳቡ ልጁን መላክ ሊሆን ይችላል። ትምህርት የቀመሰ ልጅም እንደዚሁ ነው፤ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት ምንም ካልተማረው ይልቅ ዓይኑ ሩቅ ያያል።

አሁን ደግሞ ወደ አንድ ገበሬ ቤት እንግባ። ስሙ አያስፈልገንም፤ በየቀበሌው አለ። ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት። መሬቱ እንደ ብዙዎቹ የደጋ ወረዳዎች ከአንድ ሄክታር በታች ነው። ከየካቲት 1967ቱ አዋጅ ወዲህ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. በተደረገው ድልድልም ያኔ ለአካለ መጠን የደረሱት ሲደርሳቸው በእናታቸው ጀርባ የነበሩት ሳይደርሳቸው ቀርተዋል። እነዚያ በጀርባ የነበሩት ዛሬ የልጆች አባቶች ናቸው። የሀገሪቱ ሕዝብ በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ 42 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ ያውም ኤርትራ ተለይታ። መሬቱ ግን አልሰፋም። ታዲያ ይህ አባት ግማሽ ሄክታሩን ለሦስት ቢከፍለው አንዱንም አያኖርም። ስለዚህ እንዲህ ያስባል፤ አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ይማራል፣ አንዱ ይሄዳል። ዝናብ በወሎ ቢቀር በጅዳ ያለው ደመወዝ አይቀርም። ገበሬ ዘሩን ሁሉ በአንድ ማሳ አይዘራም፤ ልጆቹንም እንደዚሁ። ይህን ገንዘብ መውደድ ነው ለማለት አንደፍርም። ምናልባት መቅሰፍት ሳይመጣ አስቀድሞ መጠንቀቅ ቢባል ይቀርባል።

ሆኖም የሚሄደው ልጅ ማን ነው? ብዙ ጊዜ ልጁ ራሱ ብቻውን የወሰነው አይደለም። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ጨርሶ ላትጠየቅ ትችላለች፤ የወንድሞችዋ ትምህርት፣ የእናትዋ መድኃኒት፣ የቤቱ ቆርቆሮ በእርስዋ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። በውይይታችን ላይ እኅቶቻችን ይህን አጥብቀው አንሥተውታል። መስዋዕትነት በፈቃድ ሲሆን ነው መስዋዕትነት የሚባለው ብለዋል፤ እኛም ተቀብለናል።

ስለ ምንዛሪ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ፤ ሒሳብ የሰለቸው ይታገሠን። የሳዑዲ ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ የአሜሪካን ዶላር 3 ሪያል ከ75 ሆኖ ተተክሏል። አንዲት እኅታችን በቤት ሠራተኝነት በወር 1,000 ሪያል ብታገኝ 267 ዶላር ያህል ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ የእኅታችን ደመወዝ 15,200 ብር ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደረገ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላር ከመቶ ብር አለፈ። በ120 ብር ብናሰላው ያው 1,000 ሪያል 32,000 ብር ሆነ። እኅታችን አንዲት ሰዓት ጨምራ አልሠራችም፤ ቤትዋ የሚደርሰው ብር ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። በሀገር ቤት በብር የሚከፈለው ወንድምዋ ደግሞ አንዲት ሰዓት ሳይቀንስ ደመወዙ በዶላር ሲታይ ከግማሽ በታች ወረደ፤ ዘይቱና መድኃኒቱ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ በገበያም ተሰማው። ይህን ያየ ጎረቤት ስለ ሀገር ፍቅር የሚሰጠውን ስብከት በምን ጆሮ ይስማ? በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያም እንዲሁ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወርዶ ነበር፤ ነገሩ አዲስ አይደለም።

ሌላ ማነጻጸሪያ ደግሞ አለ። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለብዙ ሺህ ሴቶች ሥራ ይሆናል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ ሆነም። ነገር ግን በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዳመለከተው የጀማሪ ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። ከላይ ካሰላነው ጋር ሲተያይ አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው። ቀጥሎም ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ተጠቃሚነት አስወጣቻት፤ አንዳንድ ኩባንያዎች ዘግተው ሄዱ፤ ሠራተኞቹም ተበተኑ። ለመቅረት የወሰነች ልጅ ውሳኔዋ የእርስዋ ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ በማታውቀው ሀገር፣ በማታውቀው ጉዳይ የተወሰነ ውሳኔ የእርስዋን ወንበር ነቀለው።

ያዕቆብ በመጀመሪያ ያደረገው ደርሶ መመለስን ነበር ብለናል። የእኛም ሀገር ገበሬ ከጥንት የሚያውቀው ይህንኑ ነው። የጎጃምና የጎንደር ሰው ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ወርዶ፣ ጥሪቱን ይዞ ለቤቱ ይመለስ ነበር። ሌላው ለቡና ለቀማ ወደ ጅማና ወደ ከፋ ይሄድ ነበር። የጉራጌ ተወላጆች አዲስ አበባ ሠርተው ገንዘባቸውን አዋጥተው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ወደ ሀገራቸው መንገድ እስከ ማሠራት ደርሰዋል፤ ይህ ሲነገርለት የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም እንላለን። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ግን ወደ ሰሊጥ ማሳው የሚወስደውን መንገድ አሰናከለ። ቅርቡ መንገድ ሲዘጋ ሩቁ መንገድ ይከፈታል፤ ይህንን ማንም ሊያስተውለው የሚገባ ነገር ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል ደርሰናል፤ እርሱም የወሬ ነገር ነው። ያዕቆብ የተነሣው ሰምቶ ነው፤ ኑኃሚንም የተመለሰችው እግዚአብሔር ለሕዝቡ እንጀራ መስጠቱን በሞዓብ ሆና ሰምታ ነው። ሰው የሚሄደው ወይም የሚመለሰው በኑሮው ብቻ ሳይሆን ስለ ኑሮ በሰማው ነው። ለያዕቆብ ወሬውን ያመጣለት ልጁ ዮሴፍ ነበር፤ ዮሴፍ ከአባቱ መምጣት የሚያተርፈው ገንዘብ አልነበረውም። ለእኛ ወሬ የሚያመጣልን ማን ነው? አንዱ ደላላው ነው። ሌላው ራሱ የሄደው ወንድማችን ነው፤ እርሱም ቢሆን በስልክ የሚልክልን ፎቶግራፍ በበዓል ቀን የተነሣውን ነው። የተኛበትን ሳይሆን የቆመበትን ያሳየናል። ዋሽቶ አይደለም፤ እናቱ እንዳትጨነቅ ነው። ይሁን እንጂ የእናቱን ጭንቀት ያስቀረው ፎቶግራፍ የታናሽ ወንድሙን ልብ ይነቅላል።

ደላላው ባለፉት ዓመታት ያመጣው አንድ አሠራር አለ፤ ከሁሉ የከፋው እርሱ ነው ብለን እናምናለን። ድሮ ገንዘብ የሌለው አይሄድም ነበር። ደላላው ግን ገንዘብ የሌለውን ልጅ አሁን ሂድ፣ ስትደርስ ትከፍላለህ ይለዋል። ልጁ በሬ ሳይሸጥ፣ ለአባቱም ሳይናገር ይነሣል። በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ በኩል አድርጎ ኦቦክ ይደርሳል፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራል። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እንደ መዘገበው በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ ከአፍሪካ ቀንድ ወደ የመን የተሻገሩት ከ138,000 በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹም የእኛ ልጆች ናቸው፤ የመን ደግሞ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጦርነት ላይ ነበረች። በባሕሩ ማዶ ጠብቀው የሚይዙት ሰዎች ልጁን አስረው፣ እየደበደቡ፣ ድምፁን በስልክ ለእናቱ ያሰማሉ። በሬው ያኔ ይሸጣል። መሬቱ ያኔ በውል ይሰጣል። ማኅበሩ፣ እድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር ያኔ ይለመናል። የተጠየቀው በዶላር ወይም በሪያል ስለሆነ ብር ሲወድቅ ቤዛውም በእጥፍ ይወጣል። በነፃ የተባለው ጉዞ ዘፍጥረት 47 ላይ ያየነውን ቅደም ተከተል በአንድ ወር ውስጥ ያስጨርሰዋል፤ ብር፣ ከብት፣ መሬት፣ ሰውነት። ልዩነቱ ዮሴፍ የሚሰጠው እህል ነበረው፤ እነዚህ ግን የሚሰጡት ልጅን ለእናቱ መልሶ ነው፤ እርሱም ከሰጡ።

ከየመን ወደ ሳዑዲ ድንበር ያለውን መንገድ ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የጻፈውን አንብበናል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በድንበር ጠባቂዎች መገደላቸውን ይናገራል። በሰሜኑም መንገድ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ በማዕተባቸው ምክንያት የተገደሉትን ወንድሞቻችንን ሁላችንም እናስባቸዋለን። እነርሱ ከቤታቸው የወጡት ለሰማዕትነት አልነበረም፤ ለእንጀራ ነበር። ሞት ሲመጣባቸው ግን ሃይማኖታቸውን አልለወጡም። ስለ ስደተኛ እምነት ማነስ ለሚናገሩ ሽማግሌዎቻችን ይህን በትሕትና እናስታውሳቸዋለን።

በመንግሥት በኩል ከጥቅምት 2006 እስከ ጥር 2010 ዓ.ም. ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ ሀገራት መጓዝ ታግዶ ነበር። እገዳው በኮንትራት የሚሄዱትን አስቀረ፤ በባሕር የሚሄዱትን ግን አላስቀረም። የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ስምንተኛ ክፍልን መጨረስንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን ጠየቀ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ሆኖም ስምንተኛ ያልደረሰችዋ ልጅ ድህነትዋ ከሌሎቹ ይበልጥ ነበርና ሕጋዊው በር ሲዘጋባት የምትሄደው ወደ ሌላው በር ነበር።

የሄዱበት ሀገር ኑሮም ቢሆን ቋሚ አይደለም። ሳዑዲ ዓረቢያ ለዜጎችዋ ሥራ ለመስጠት ስትል ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንብ አወጣች፤ ከጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም ፈቃድ የሌላቸውን ማስወጣት ያዘች፤ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ ብዙዎቹ ሻንጣ እንኳ ሳይዙ። በሊባኖስ ደግሞ ለሃያ ዓመታት ያህል ሳይነቃነቅ የቆየው የሀገሪቱ ገንዘብ ከ2019 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ጀምሮ ወደቀ። አሠሪዎች ዶላር አጡ፤ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የቤት ሠራተኞቻቸውን ያለ ደመወዝ ከነሻንጣቸው ቤሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ እያወረዱ ሄዱ። አስተውሉ፤ የብር መውደቅ ልጅቱን ከቤትዋ አስወጣት፤ የሊራ መውደቅ ደግሞ ከአሠሪዋ ቤት አስወጣት። የጠፋው ልጅ ታሪክም ላይ ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ በሄደበት ሀገር ጽኑ ረሀብ እንደ ሆነ ተጽፏል (ሉቃ. 15)። ስንሰብከው ብክነቱን እንጂ ረሀቡን አናነሣውም።

ስለሚቀሩት ደግሞ። ይስሐቅ በጌራራ ቀረ ሲባል እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ ማለት አይደለም። በዚያ የረሀብ ዓመት ዘራ፤ መቶ እጥፍም አገኘ። አባቱ የቆፈራቸውን፣ ጠላቶች የደፈኑአቸውን ጕድጓዶች እንደገና ቆፈረ። በቆፈረው ውኃ ላይ ተጣሉት፤ ለቅቆ ሌላ ቆፈረ፤ በእርሱም ተጣሉት፤ ሦስተኛውን ቆፈረ፤ ያኔ ሰፊ ቦታ አገኘና ርኆቦት አለው። መቅረት እንግዲህ ዘር፣ ውኃ፣ መሬትና ከጎረቤት ጋር መስማማትን ይጠይቃል። ቅር ብለን ወጣቱን የምንመክር ከሆነ ቢያንስ አንዱን ጕድጓድ አብረነው መቆፈር ይገባናል። አንዲት እኅታችን በውይይቱ ላይ እንዳለችው፣ ወደ ቤሩት ለመሄድ ስትነሣ ያበደራት ሰው አልጠፋም ነበር፤ ይህንኑ ገንዘብ ለእንጀራ መጋገሪያ ምጣድ ስትጠይቅ ግን የሰጣት አልነበረም። ዘመድ ለጉዞ ያበድራል፣ ለሥራ አያበድርም። ለምን እንደ ሆነ ተከራከርንበት። ከፊሎቻችን ዓረብ ሀገር የሄደ መመለሱ አይቀርም፣ ገንዘብም ይልካል ተብሎ ስለሚታመን ነው አልን፤ ከፊሎቻችን ደግሞ በሀገር ውስጥ የከሰረ ሰው በየቀኑ ስለሚታይ ነው አልን። ያም ሆነ ይህ የሰንበት ትምህርት ቤታችን እቁብ ከመጪው ወር ጀምሮ የመጀመሪያውን ዕጣ በሀገር ቤት ሥራ ለሚጀምር አባል እንዲያስቀድም ሐሳብ ቀርቧል፤ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቀርባል።

በመጨረሻም ስለሚመለሱት። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 8 ስለ ሱነማዊቱ ሴት የተጻፈውን ብዙዎቻችን አናስታውሰውም። ልጅዋን ያስነሣላት ኤልሳዕ ራሱ ሰባት ዓመት ረሀብ ስለሚመጣ ከቤተ ሰቦችዋ ጋር ተነሥታ እንድትሰደድ መከራት። ነቢይ ሂጂ አላት ማለት ነው። ወደ ፍልስጥኤማውያን ሀገር ሄዳ ሰባት ዓመት ተቀመጠች። ስትመለስ ግን ቤትዋና እርሻዋ በእጅዋ አልነበሩም። ለንጉሡ ልትጮኽ ገባች፤ በዚያች ሰዓት የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ስለ እርስዋ ለንጉሡ እየነገረው ነበር፤ ስለ እርስዋ የሚናገርላት ሰው ነበራት ማለት ነው። ንጉሡም አንድ ሹም አዘዘላት፤ ቤትዋንና መሬትዋን ብቻ ሳይሆን ከወጣችበት ቀን ጀምሮ እርሻው ያፈራውን ሁሉ እንዲመልስላት አዘዘ።

ከጅዳ፣ ከቤሩት ወይም ከየመን ተመልሶ ቦሌ የሚወርደው ወንድማችን ወይም እኅታችን ብዙ ጊዜ መሬቱ በውል ለሌላ ተሰጥቷል፤ ዕዳው ግን ይጠብቀዋል። ሰው ሁሉ ምን ይዘህ መጣህ ብሎ ይጠይቀዋል፤ ባዶ እጁን ከሆነ ቤቱ መግባት አፍሮ ከተማ ይቀራል፤ ከዚያም እንደገና ይሄዳል። ሁለተኛ የሚሄደው ኑሮ ብቻ ገፍቶት አይደለም፤ እፍረቱም ዕዳውም ተደምረው ነው። የትምህርት ክፍላችን ለአባላት ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነው። የተመለሰ አባል ከመዘምራኑ መካከል የነበረውን ቦታ በመጣበት ሰንበት ይያዝ፤ ስለ ገንዘብ የሚጠይቀው አይኑር። የመሬት ውል ወይም የዕዳ ጉዳይ ካለው ከአባሎቻችን ሕግ የተማሩት ሁለቱ ከእርሱ ጋር ወደ ቀበሌው ይሂዱ። ገና ለመሄድ ያሰበ ደግሞ ከመነሣቱ በፊት ለአንዳችን ይንገር፤ ልንከለክለው አይደለም፤ ውሉን ከእርሱ ጋር ልናነብ፣ የደላላውን ስም ልንመዘግብ፣ የሚደውልበትን ቀን ልናውቅ ነው።

ለሚቀጥለው እሑድ ዘፍጥረት 26ን፣ 47ን እና መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ 8ን አንብባችሁ ኑ። የውጭ ሀገር ኮንትራት በእጁ ያለ አባል ቢያመጣው አብረን እናነበዋለን፤ የዓረብኛውን ጽሑፍ የሚተረጉምልን ሰው ተገኝቷል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።